በባሕር ዳር ቤት ውስጥ የሐር ትል ማርባት፦ ከትሉ በፊት ስለ ቅጠሉ

ሽምብጥ ግቢ | መስከረም 28

ጤና ይስጥልኝ፤

«ለሽያጭ ሳይሆን ለራሴ ደስታ የሐር ትል ማርባት እፈልጋለሁ» የሚሉ መልእክቶች ከመስቀል ወዲህ ስለ በዙ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ከመመለስ ይልቅ ሁላችንም የምናውቀውን የምናዋጣበት አንድ የውይይት ገጽ መክፈት ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የሚያነሡት እንቁላሉ የሚገኝበትን ቦታ ነው። እኔ ግን በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚኖር ሰው መቅደም ያለበት ጥያቄ ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንዳበቀለውና ምን እንደ ተረጨበት ነው እላለሁ። የሐር ትል ለብዙ ሺህ ዓመታት በሰው እጅ ሲረባ የኖረ ስለሆነ ምግቡን ፈልጎ አይሄድም፤ ያቀረቡለትን ብቻ ይበላል፤ የቀረበለት ቅጠል የነፍሳት መርዝ የነካው ከሆነ ደግሞ በሰፌዱ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ለቤት የሚሆኑት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ሙልቤሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል ብቻ የሚበላውና በዓለም ገበያ ላይ የሚገኘው ሐር አብዛኛው የሚወጣበት ትል ነው። ሁለተኛው ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የመጣው፣ ኤሪ የሚባለውና በዋናነት ጉሎ የሚመገበው ነው። ለከተማችን ጀማሪ የምመክረው ኤሪን ነው። ጉሎ በዓባይ ዳርና በየቦዩ ጠርዝ፣ በየአጥሩ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ በግቢ ቢዘራም በጥቂት ወራት ውስጥ ለቅጠል ይደርሳል። ትሉም ከሙልቤሪው ትል ይልቅ በሽታንና የአያያዝ ጉድለትን ይበልጥ ይችላል። ከሁሉ በላይ የኤሪ ኩኩን (ትሉ ሐሩን በራሱ ላይ ጠቅልሎ የሚሠራው ቤት) በአንደኛው ጫፉ ክፍት ስለሆነ ትሉ ተለውጦ የሚሆነው የእሳት ራት ሐሩን ሳይበጥስ ራሱ ወጥቶ ይሄዳል፤ የቀረው ባዶ ኩኩንም እናቶቻችን ጥጥ በሚፈትሉበት እንዝርት ሊፈተል ይችላል።

ስለ አያያዙ የማውቀውን ልግለጽ። እንቁላሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈለችውን ትንሽ ትል በጣት ማንሣት አይገባም፤ ለስላሳ የጉሎ ቀንበጥ ላይዋ ላይ ሲያኖሩላት ራሷ ትወጣለች፣ ከዚያ ቅጠሉን ይዞ ማዛወር ነው። ትሉ ኩኩኑን እስኪጠቀልል ድረስ አራት ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል። በዚያ ጊዜ ራሱን ቀና አድርጎ ለአንድ ቀን ያህል ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ የማያውቅ ሰው ታመመ ብሎ ይነካካዋል፣ ወይም ቅጠል ይጨምርበታል። ሁለቱም ጎጂ ነው። ከቆዳው ሳይወጣ የተነካካ ትል ይቆስላል፤ ሳይበላ የተከማቸው ቅጠልም ሥሩ እየረጠበ ሻጋታ ያመጣል። ትሎቹ ሁሉ ተነሥተው ራሳቸውን ማንቀሳቀስ ሲጀምሩ ብቻ ይመገቡ።

የቅጠሉን መጠን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። አንድ የኤሪ ትል በዕድሜው ሁሉ ከ25 እስከ 30 ግራም ገደማ ቅጠል ይበላል፤ ስለዚህ 300 ትል ለማሳደግ ከ7.5 እስከ 9 ኪሎ ቅጠል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ከአምስቱ እጅ አራቱን የሚበላው በመጨረሻው የዕድገት ደረጃ፣ ይኸውም በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት በየቀኑ አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ፣ ጤዛው የደረቀና ያልጠወለገ ቅጠል ማቅረብ የማይችል ሰው 300 ሳይሆን 50 ትል ይዞ ይጀምር። የሃምሳ ትል እርባታም ሙሉ ትምህርት ነው፤ ደስታውም አያንስም።

ሌሎቻችሁ፣ በተለይ ሙልቤሪ ያላችሁና ሽመና የምታውቁ፣ የጎደለውን ሙሉበት።

የክበብ መምህር | መስከረም 29

እህታችን፣ ስለ ሰፊው ማብራሪያ አመሰግናለሁ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ኃላፊ ነኝ፤ ተማሪዎቻችን የነፍሳትን የዕድገት ለውጥ ከመጽሐፍ ብቻ ከሚያነቡት በዓይናቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። የሚያሳስበኝ የጉሎ ፍሬ መርዛማነት ነው። አንዲት ወላጅ ሐሳቡን ስነግራቸው «ልጆቻችንን ጉሎ እያስነካችሁ ነውን?» ብለው ጠየቁኝ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ትሉ መርዙን ወደ ራሱ አይወስድምን? ለልጆቹ እጅስ?

ሽምብጥ ግቢ | መስከረም 29

መምህር፣ ወላጇ ያነሡት ሥጋት ቸል የሚባል አይደለም። በጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ሪሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ብርቱ መርዝ ነው፤ ልጅ ፍሬውን አኝኮ ከዋጠ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ለክበቡ ጉሎ የምትተክሉ ከሆነ ለቅጠል ብቻ የሚለማ መሆኑን ወስናችሁ፣ የአበባው ዘለላ ብቅ ሲል ሳያፈራ ቁረጡት። ይህ ተክሉ ቅጠል እንዲያበዛም ይረዳዋል። ለዘር የሚቀረውን አንድ እግር ልጆች በማይደርሱበት አጥር ውስጥ አዋቂ ይጠብቀው። ቅጠሉን መልቀምና ትሉን በመዳፍ መያዝ ይህን ያህል የሚያሰጋ አይደለም፤ ሆኖም ልጆቹ ከነኩ በኋላ በሳሙና መታጠብ አለባቸው። ከመንካታቸው በፊትም እንዲሁ፤ የልጅ እጅ ላይ ያለ ቅባት፣ ሽቶና የትንኝ መከላከያ ለትሉ ጠንቅ ነውና።

ሌላው አማራጭ ሙልቤሪ ነው። ፍሬው የሚበላ ስለሆነ ለትምህርት ቤት ግቢ ከጉሎ ይልቅ እሱ ይስማማል፤ በዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይናገር።

ዓባይ ማዶ | ጥቅምት 1

እኔ በሙልቤሪ በኩል ለመከራከር ነው የገባሁት። እህታችን የጻፉት ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢው «ሙልቤሪ ለእኛ አይሆንም» ብሎ እንዳይደመድም እፈራለሁ።

ሙልቤሪ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን፣ ሦስት ወይም አራት ቡቃያ ባለው ቁራጭ ይራባል፤ በሰኔ መጀመሪያ ከተተከለ የክረምቱ ዝናብ ሥር ያስይዘዋል። ለመደበኛ ቅጠል ለቀማ አንድ ዓመት ያህል መታገሥ ይጠይቃል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየጊዜው እየተገረዘ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ዛፍ ነው። ጉሎን የመረጠ ሰው በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ እንደ ገና መዝራት ይኖርበታል፤ ያረጀ ጉሎ ቅጠሉ እያነሰ ይሄዳልና።

ሁለተኛው ምክንያቴ ክሩ ነው። የሙልቤሪው ትል ኩኩኑን የሚሠራው ሳይቋረጥ በሚወጣ አንድ ክር ነው፤ ርዝመቱም ከ600 እስከ 1500 ሜትር ይደርሳል። ኩኩኑን በሙቅ ውሃ አለስልሶ፣ ጫፉን አግኝቶ፣ የአምስትና የስድስት ኩኩን ክር አንድ ላይ አጣምሮ በእንጨት መዘውር ላይ መጠቅለል በቤት ውስጥ የሚቻል ሥራ ነው። ከዚያ የሚወጣው አንጸባራቂ ክር በኤሪ አይገኝም፤ ኤሪ የሚፈተል እንጂ ተመዝዞ የሚጠቀለል አይደለምና ድምቀቱ ለስለስ ያለ፣ ወደ ሱፍና ወደ ጥጥ የሚቀርብ ነው።

ሦስተኛውና ለትርፍ ጊዜ አርቢ ትልቁ ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚራቡት የሙልቤሪ ትል ዝርያዎች እንቁላላቸው ስለሚያንቀላፋ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለወራት ይቆያል። የኤሪ እንቁላል ግን እንዲህ አያርፍም፤ ዛሬ የተጣለው ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ቅጠል ኖረም አልኖረም። ትውልዱ እንዳይጠፋ የሚፈልግ ሰው ዓመቱን ሙሉ ማርባት አለበት። ሰርግ፣ ልቅሶ፣ ጉዞ ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሽምብጥ ግቢ | ጥቅምት 1

ወንድሜ፣ ስለ እንቁላሉ ያነሡት ነጥብ የክርክሩ ጠንካራ ክፍል ነው፤ እቀበለዋለሁ። ኤሪን የያዘ ሰው ብቻውን መሆን የለበትም። በአንድ ሰፈር ሦስት አራት ቤት በዙር ካረባ፣ የአንዱ ትል ሲጠቀልል የሌላው እየተፈለፈለ፣ ዘሩ ሳይጠፋ ለእያንዳንዱም ዕረፍት ይገኛል። ክሩን መምዘዝን በተመለከተ ግን አንድ ልዩነት አለን። የሙልቤሪው ክር ሳይበጠስ እንዲመዘዝ ከተፈለገ በውስጡ ያለው ፑፓ (በመለወጥ ላይ ያለው ትል) የእሳት ራት ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በእንፋሎት ወይም በሙቀት መገደል አለበት፤ ከወጣ ኩኩኑ ይቀደዳል። ለገበያ ለሚሠራ ሰው ይህ ግዴታ ነው። ለደስታ የሚያረባ ሰው፣ በተለይም ልጆቹ ለትሎቹ ስም ያወጡላቸው ቤተሰብ፣ ይህን ነገር ከመጀመሩ በፊት ሊያስብበት ይገባል።

ባለመወርወሪያው | ጥቅምት 3

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ስለ ትሉ የማውቀው ጥቂት ነው፣ ስለ ክሩ ግን ልናገር።

አገራችን ሐርን የምታውቀው በትሉ ሳይሆን በንግድ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የቤዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ወደ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ አክሱማውያን ከሕንድ ሐር እየገዙ ለእርሱ እንዲሸጡለት ለምኖ ነበር፤ ዓላማው ከፋርስ ነጋዴዎች እጅ ለመላቀቅ ነበር። ነገሩ ሳይሳካ የቀረው ፋርሶች የሕንድ መርከቦች በሚያርፉባቸው ወደቦች ቀድመው እየጠበቁ ጭነቱን ሁሉ ይገዙ ስለ ነበር ነው። በኋላም በጎንደር ዘመን ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የተሠራው ሐር ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። የሸማኔ ልጅ ሆኜ ሐር ሲባል የምሰማው ከሱቅ የሚገዛ የጥለት ክር ነበር። ስለዚህ በግቢያችን ከጉሎ ቅጠል ሐር ወጣ ሲባል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። የኤሪ ኩኩን እንዳለ አይፈተልም፤ ትሉ ክሩን ያጣበቀበት ሙጫ መልቀቅ አለበት። ባዶዎቹን ኩኩኖች በቀጭን ጨርቅ ቋጥሮ ሳሙና ወይም ጥቂት ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ) በገባበት ውሃ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መቀቀል ነው፤ የአገር ቤቱ የአመድ ውሃም ተጠልሎ ከቀረበ ይሠራል። ሙጫው መልቀቁ የሚታወቀው ኩኩኑን በሁለት ጣት ሲስቡት እንደ ባዘቶ ሲፈታ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ውስጡ የቀረውን የፑፓ ቅርፊት አውጥቶ መጣል፣ በጥላ ማድረቅ። ሐሩ ከጥጥ ይልቅ ረጅም ስለሆነ በደጋን መንደፍ አያስፈልገውም፤ ደጋኑ ላይ ይጠመጠማል። በእጅ እየሳቡ ማሳሳትና አመልማሎ አስመስሎ መጠቅለል ይበቃል። የምትፈትለው እናት ለጥጥ የለመደችውን አሳሳብ ትንሽ ማርዘም ይኖርባታል፤ እጇ እስኪለምደው ክሩ አንዴ ይወፍራል አንዴ ይቀጥናል፣ ይህ አያስደነግጥ።

ብዛቱን ላስላላችሁ። የአንድ ኤሪ ኩኩን ቅርፊት 0.4 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 300 ኩኩን 120 ግራም ይሆናል፤ ሙጫውና ውዳቂው ሲወጣ ከ90 እስከ 100 ግራም ፈትል ይቀራል። ይህ ለአንድ ቀለል ያለ የአንገት ልብስ ይበቃል፤ ለሙሉ ነጠላ አይበቃም። ስለዚህ ምክሬ ድሩን ጥጥ አድርጋችሁ ማጉን ብቻ ሐር አድርጉት፤ ወይም ለጥለቱ ብቻ አውሉት። ጥጥ ድር በመቃኑ ላይ ውጥረቱን ይችላል፤ በእጅ የተፈተለ የጀማሪ ሐር ግን ድር ቢሆን እየተበጠሰ ሸማኔውን ያደክማል፣ የደከመ ሸማኔ ደግሞ ሁለተኛ አይቀበላችሁም።

የክበብ መምህር | ጥቅምት 3

ጋሼ፣ ይህን ስላካፈሉን እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ ዐፄ ካሌብ የነገሩንን ለታሪክ መምህራችን አሳይቼዋለሁ፤ ክበቡ ሲጀመር እሱም አብሮን እንዲሠራ ተስማምተናል። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ኤሪው የሚያወጣው ሐር ቀለም ይቀበላልን?

ባለመወርወሪያው | ጥቅምት 4

በሚገባ ይቀበላል፤ ከጥጥ ይልቅ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። ነጭ ኩኩን የሚሠራም፣ ወደ ሸክላ ቀለም የሚያደላ ኩኩን የሚሠራም የኤሪ ዘር አለ። ነጩን ለማቅለም፣ ቀዩን እንዳለ ለመፍተል ለዩአቸው፤ ተቀላቅለው ከተቀቀሉ መልኩ ይዘበራረቃል።

ጤና ኬላ | ጥቅምት 5

በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ ያለሁ ስለሆነ፣ እስካሁን በስም ያልተጠራውን ትልቅ ጉዳይ ላንሣ። ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ወረዳዎች ወባ ያለባቸው ናቸው። ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ የወባ ሕሙማን ቁጥር ይጨምራል፤ በተመረጡ ቀበሌዎችም የቤት ውስጥ የኬሚካል ርጭት ይካሄዳል። የሚረጨው ኬሚካል ሆን ተብሎ በግድግዳ ላይ ለወራት እንዲቆይና ያረፈበትን ነፍሳት እንዲገድል የተዘጋጀ ነው። የሐር ትልም ነፍሳት ነው፤ ኬሚካሉ ትንኟን ከእርሱ አይለይም።

ከዚህ ተነሥቶ «ትሎቼ እንዳይሞቱብኝ ርጭቱ ይቅርብኝ» የሚል ሰው እንዳይኖር አጥብቄ እለምናለሁ። አንድ ቤት ሳይረጭ መቅረቱ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱንም ነው። ትክክለኛው መንገድ ከመኖሪያ ቤቱ የተለየ፣ ሰው የማያድርበት ትንሽ ክፍል ወይም በሰሌን የተሠራ ዳስ ለትሉ ማዘጋጀትና ይህንንም ለረጪዎቹ አስቀድሞ መናገር ነው። ክፍሉ ሌላ ከሌለ ርጭቱ በተካሄደበት ወቅት እርባታውን ማቋረጥ ይሻላል። በኬሚካል የተነከረ አጎበርም በሰፌዱ ላይ አይጣል፤ ዝንብና ወፍ ለመከልከል የሚያስፈልገው ኬሚካል ያልነካው ተራ መረብ ወይም አሮጌ ነጠላ ነው። ማታ ማታ የሚጨሰው የትንኝ መከላከያና የሚነፋው ፍሊትም ትሉ ባለበት ክፍል አይፈቀድ።

ሽምብጥ ግቢ | ጥቅምት 5

እህቴ፣ ይህ ቃል በቃል በውይይታችን ራስ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። እኔም ስለ ቅጠሉ የጀመርሁት ለዚሁ ነበር፤ በቅጠሉም ላይ ያው ሥጋት አለ። በከተማው ዙሪያ ጫት፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በሚለማባቸው ማሳዎች ዳር የበቀለ ጉሎ ምንም ያማረ ቢሆን አይቆረጥ፤ ለማሳው የተረጨው መድኃኒት በነፋስ እየተወሰደ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ማጠቡም አያስተማምንም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፣ የታጠበው ቅጠል ደግሞ እርጥብ ሆኖ ከቀረበ ትሉን ያስቀምጠዋል። የአውራ ጎዳና አቧራ የጠጣውም ለምግብ አይሆንም። ታሪኩን የማያውቁት ቅጠል ከቀረበላችሁ ለጥቂት ትሎች ብቻ አብልታችሁ እስከ ማግሥቱ ተመልከቱ፤ ደኅና ከሆኑ ለቀሩት ስጡ። ዘለቄታው መፍትሔ ግን በግቢ መትከል ነው። የእቃ እጣቢ ውሃ ብቻ እየጠጣ በበጋ የሚለመልም ተክል ከጉሎ የተሻለ አላውቅም።

ፔዳ ሰፈር | ጥቅምት 7

እኔ ገና ያልጀመርሁ አንባቢ ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የክረምቱ እርጥበት ለትሉ ይስማማዋልን? በታኅሣሥና በጥር ሌሊት የሚመጣውስ ቅዝቃዜ?

ሰብል ሐኪም | ጥቅምት 8

በግብርና ሙያ የተሰማራሁ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ልመልስ። ትሉ የሚወደው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ቀኑ በአብዛኛው ወደዚህ ይጠጋል፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ቅዝቃዜው ወዲያው አይገድለውም፤ መብላት ይቀንሳል፣ ከሦስት ሳምንት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚጠናቀቀው ዕድገትም ከዚያ እጅግ ይዘገያል፣ የዘገየ ትል ለበሽታ ይጋለጣል። በእነዚያ ወራት ሰፌዶቹን ወደ ማእድ ቤቱ ግድግዳ የተጠጋ ክፍል ማስገባት ይረዳል፤ ጭሱ ግን መድረስ የለበትም። በከሰል ማንደጃ ክፍሉን ዘግቶ ማሞቅ ለሰውም ለትልም አደገኛ ነው።

ለክረምቱ ደግሞ ሥጋቱ የተገላቢጦሽ ነው። ትንንሾቹ ትሎች እርጥበት ይወዳሉ፤ ከ80 በመቶ በላይ ቢሆንላቸው ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅባቸውም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ሲደርሱ ግን 70 በመቶ አካባቢ እና ነፋስ የሚዘዋወርበት ቦታ ይፈልጋሉ። በሐምሌና በነሐሴ ቅጠሉ ከዝናብ ስለማይለይ ነጭ ሻጋታ የሚያመጣው በሽታ ይበዛል፤ የሞተው ትል ጠንክሮ እንደ ኖራ ይነጣል። ትሉ ለስልሶ፣ ጠቁሮ፣ ክፉ ሽታ ካመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእርጥብ፣ በተበላሸ ወይም በሞቀ ቅጠል ምክንያት የሚመጣ የአንጀት በሽታ ነው። በሁለቱም ጊዜ የታመመውን በመቆንጠጫ እያነሡ ኖራ በያዘ ዕቃ ውስጥ መጣል፣ ከዚያ ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር ያስፈልጋል። ለዶሮ አይሰጥ፤ ዶሮዋ በእግሯና በኩሷ በሽታውን ግቢውን ሁሉ ታዳርሰዋለች። ቆዳ በሚለውጡበት ጊዜ ጥቂት የኖራ ዱቄት በወንፊት መንስነስ ትሎቹ ያሉበትን የቅጠል አልጋ ያደርቃል። በእያንዳንዱ ዙር መካከል ሰፌዱንና መደርደሪያውን በረኪና ባለው ውሃ አጥቦ ሙሉ ቀን ፀሐይ ማስመታት ግዴታ ነው።

ስለ እንቁላልም አንድ ቃል። በትሎች መካከል የመጠን ልዩነት ከታየና በቆዳቸው ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ከወጣ፣ ይህ ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይን የሐር ሥራ ያደቀቀው ይኸው ነው፤ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ለዓመታት ያጠናው፣ መፍትሔውንም ያገኘው እንቁላል የጣለችውን እናት በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ በሽታው ከተገኘባት እንቁላሏን በማጥፋት ነበር። ዛሬም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ስለዚህ እንቁላል ከማይታወቅ ሰው አይወሰድ፤ ከውጭ አገርም በሻንጣ ይዞ መግባት ያለ ኳራንታይን ፈቃድ ተገቢ አይደለም። በአገራችን የሐር ትል ምርምር ሲካሄድበት የኖረው በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ በክልላችንም ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ወጣቶችን በማርና በሐር ሥራ ያሠለጠነበት ፕሮጀክት ነበር። ጀማሪው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ከእነዚህ ዘንድ የሠለጠነ አርቢ ቢያፈላልግ ንጹሕ ዘር የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ፔዳ ሰፈር | ጥቅምት 8

እጅግ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ለጀማሪ የሚመች ወቅት የትኛው ነው ማለት ነው?

ሰብል ሐኪም | ጥቅምት 9

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቅጠሉ ጠግቦ፣ ዝናቡ አብቅቶ፣ ቅዝቃዜው ሳይበረታ ያለው ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ እህቴ ያነሡትን የርጭት ወቅት ግን ልብ ይሏል። ሁለተኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ተክሉን ውሃ ያላጠጣ ሰው ቅጠሉ ይጠነክርበታል።

ዓባይ ማዶ | ጥቅምት 9

በሙልቤሪ አቋሜ ብጸናም ስለ ጉንዳን ሁላችንም አንድ ነን። የመደርደሪያው እግር እያንዳንዱ ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ይቁም፤ ውሃው ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ይበልበት። መደርደሪያው ግድግዳም ሆነ መጋረጃ ከነካ ጣሳው ዋጋ የለውም። እንሽላሊትና አይጥ ከጉንዳን ያልተናነሱ ጠላቶች ናቸው፤ አይጥ በተለይ ለኩኩኑ ትመጣለች፣ ስለዚህ የተለቀመ ኩኩን ክዳን ባለው ሙዳይ ወይም በገመድ በተንጠለጠለ ቅርጫት ይቀመጥ።

መምህር፣ ለክበቡ የሙልቤሪ ቁራጭ ከፈለጉ በሰኔ ስገርዝ እሰጥዎታለሁ። ከዚያ በፊት ለተከላው ጉድጓድ ቆፍረው ፍግ ቢያስገቡበት ይጠቅማል።

የክበብ መምህር | ጥቅምት 10

ወንድሜ፣ በደስታ እቀበላለሁ፤ ጉድጓዱን ተማሪዎቹ በዚህ ወር ይጀምራሉ። እስከዚያው በሃምሳ ኤሪ ትል እንድንጀምር ርእሰ መምህሩ ፈቅደዋል፤ ጉሎውም ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው የተከለለ ቦታ ተዘርቷል። ወላጇም መጥተው ቦታውን አይተው ተስማምተዋል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ትሉ ሊጠቀልል ሲል በምን ይታወቃል፣ ምንስ ይዘጋጅለታል?

ሽምብጥ ግቢ | ጥቅምት 10

መምህር፣ ሲደርስ መብላት ያቆማል፤ ሆዱን ያጸዳል፤ ከቅጠሉ ወርዶ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ እየተንቀሳቀሰ ጥግ ይፈልጋል። በጣቶችዎ መካከል ቀስ አድርገው ቢያንከባልሉት ባዶ የሆነ ድምፅ ይሰጣል። ያን ጊዜ በደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ በደረቀ የሙዝ ቅጠል ወይም በገለባ የተሞላ ቅርጫት ውስጥ ያኑሩት፤ የደረቀውን ቅጠል ሁለት ሦስት ጊዜ አጣጥፎ ማስገባት ብዙ ጥግ ይሰጠዋል። እዚያ ከገባ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ማንም አያንቀሳቅሰው። የእሳት ራቱ የሚወጣው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለዘር የማይፈለጉትን ኩኩኖች ሁሉ ከወጡ በኋላ ሰብስበው ለጋሼ ያድርሱ።

ለዘር የሚያስቀሩት ትልቁንና የጠነከረውን ኩኩን ይሁን። ወንዱና ሴቷ ከተገናኙ በኋላ ሴቷን በጨለም ያለ ቦታ በአንድ ቀጭን እንጨት ወይም በሣር ዘለላ ላይ ያስቀምጧት፤ እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች፤ እስከ 300 እና ከዚያም በላይ ትጥላለች። እናት የእሳት ራት አፏ አይበላም፤ ከዘር በኋላ በሳምንት ገደማ ውስጥ ትሞታለች፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ርቧት የሞተች እንዳይመስላቸው። የመጀመሪያው ዙር እንቁላል እኔ ዘንድ በጥቅምት መጨረሻ ይኖራል፤ የእናቲቶቹን ምርመራ አድርጌ ንጹሕ ከሆነ ከሃምሳ ትንሽ ከፍ ያለ ለክበቡ እሰጣለሁ። በወረቀት ፖስታ ውስጥ ስለሚሆን በፕላስቲክ እንዳይጠቅልሉት፤ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ቢወስዱት ይሻላል።